«ርጭት»፣ «ፊንታ»፣ «ጠብታ»፦ የናፍታ መርጫ ቃላት ታሪክና የአማርኛ አቻዎቻቸው

፩. የጥያቄው መነሻ

የስያሜ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ባለ ክፍል፣ በካርዶችና በመዛግብተ ቃላት መካከል የሚካሄድ በመሆኑ፣ በአንድ ቃል ምርጫ ምክንያት የሰው አካል ሊጎዳ ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። እኛም ብንሆን ይህን በሚገባ የተረዳነው፣ ስለ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍታ ሞተር አጠባበቅ የሚናገር አንድ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ረቂቅ ለእርማት በደረሰን ጊዜ ነው። በረቂቁ ውስጥ «የመርጫው ካፊያ በእጅ ይፈተሻል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረ። ከመነሻው ጽሑፍ ጋር ስናስተያየው፣ ዋናው የሚያዝዘው መርጫው ከሞተሩ ወልቆ በእጅ በሚሠራ የመፈተሻ ፓምፕ ላይ እንዲታሰርና የሚወጣው ፈሳሽ በዐይን እንዲመረመር ነው። ተርጓሚው «እጅ» የሚለውን ቃል ከራሱ አልጨመረም፤ ከቦታው ግን አዛወረው። ዐረፍተ ነገሩን አምኖ እጁን ከመርጫው ፊት የሚዘረጋ መካኒክ ቢገኝ፣ የሚያርፍበት ካፊያ ሳይሆን ቆዳን በስቶ የሚገባ ናፍታ ይሆን ነበር።

በዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስሕተቶች ተደራርበዋል። አንደኛው የሰዋስው ስሕተት ነው፤ የመሣሪያውን ቅጽል የአሠራሩ መግለጫ አድርጎ ወስዶታል። ሁለተኛው የቃል ምርጫ ስሕተት ሲሆን፣ በእኛ አስተያየት ከመጀመሪያው የባሰ ነው። «ካፊያ» ማለት በአማርኛ ሰው ሳይጠለል የሚሄድበት ስስ ዝናም ነው። ቃሉ የሚያረጋጋ ቃል ነው፤ ካፊያን የሚፈራ የለም። ሰዋስውን ከአንቀጹ አገባብ ሊያርም የሚችል አስተዋይ አንባቢ እንኳ፣ ቃሉ በሰጠው የመረጋጋት ስሜት ሳቢያ አደጋውን ሳያስተውል ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የናፍታ መርጫና የርጭቱ ፍተሻ በሌሎች ቋንቋዎች እንዴት እንደ ተሰየሙ ታሪኩን በአጭሩ ተከታትለን፣ ለአማርኛ ይበጃል የምንለውን እናቀርባለን። ዋናው ሐሳባችን አንድ ነው፤ ይኸውም ለአንድ የሙያ ነገር ቃል ሲፈለግ የመጀመሪያው ጥያቄ «የውጩ ቃል ትርጓሜ ምንድር ነው?» የሚል ሳይሆን፣ «ባለሙያው ከምንና ከምን መለየት አለበት?» የሚል መሆን ይገባዋል የሚለው ነው።

፪. ነገሩ ምንድር ነው?

በናፍታ ሞተር ውስጥ እንደ ቤንዚን ሞተር ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለም። ፒስተኑ አየሩን ብቻ ያምቀዋል፤ የታመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ ፒስተኑ ወደ ላይኛው ጫፍ ሲቃረብ ናፍታው በመርጫው በኩል ይገባና በአየሩ ሙቀት ብቻ ይቀጣጠላል። ለዚህ ሁሉ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው፤ በደቂቃ 1500 ዙር በሚዞር ሞተር ላይ ናፍታው የሚረጭበት ጊዜ ጥቂት የሴኮንድ ሺኛ እጆች ብቻ ነው።

በዚህች ቅጽበት ናፍታው ተቃጥሎ እንዲያልቅ ከተፈለገ አስቀድሞ መድቀቅ አለበት። ስፋቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ጠብታ፣ ስፋታቸው 2 መቶኛ ሚሊሜትር ወደ ሆኑ ነጠብጣቦች ቢከፋፈል አንድ ሚሊዮን ነጠብጣቦች ይወጡታል፤ አየር የሚያገኘው ገጽም በ100 እጥፍ ይጨምራል። የመርጫ ሥራ እንግዲህ ናፍታውን ማስገባት ብቻ አይደለም፤ አድቅቆና በእኩልነት በትኖ ማስገባት ነው። ይህን ተግባር በሚገባ መፈጸም አለመፈጸሙ የሚታወቀው ከአፉ የሚወጣው ርጭት በሚያሳየው መልክ ነው።

በዚህ ላይ ተርጓሚዎች ደጋግመው የሚስቱትን አንድ ነጥብ ማንሣት ያሻል። ርጭት «ተን» አይደለም። ተን ፈሳሽነቱን ትቶ ወደ አየርነት የተለወጠ ነገር ነው፤ ከመርጫው የሚወጣው ግን የደቀቀ ቢሆንም ገና ፈሳሽ ነው። ናፍታው የሚተነው በኋላ፣ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው። ስለዚህ መርጫው «ናፍታውን ያተናል» ብሎ መጻፍ ሁለት የተለያዩ ደረጃዎችን አንድ ማድረግ ይሆናል።

፫. ስሙ በአውሮፓ ቋንቋዎች የተጓዘበት መንገድ

ዛሬ ብዙ ቋንቋዎች የሚጋሩት «ኢንጄክተር» የሚለው ቃል የተወለደው ከናፍታ ሞተር ጋር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1858 አንሪ ዢፋር የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ፣ በእንፋሎት ኃይል ውሃን ወደ እንፋሎት ጋን መልሶ የሚያስገባ መሣሪያ የባለቤትነት መብት ባወጣ ጊዜ በዚህ ስም ጠራው። የቃሉ ሥር በላቲን «ወደ ውስጥ መጣል» ማለት ነው። የባቡር መሐንዲሶች በቃሉ ብዙ ዘመን ተገልግለውበታል። ቃሉ ወደ ናፍታ ሞተር ሲሻገር ይዞት የመጣው ሐሳብ ማስገባትን እንጂ ማድቀቅን አይደለም።

የማድቀቁ ሐሳብ ከሌላ ወገን መጣ። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1892 አመልክቶ በ1893 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ሐሳብ መሠረት በአውግስበርግ የማሽን ፋብሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን ሞተር ሠራ። ሞተሩ በራሱ ኃይል የዞረው ግን የካቲት 17 ቀን 1894 ሲሆን፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበረ። ከሦስት ዓመት በኋላ የካቲት 17 ቀን 1897 የሚዩኒክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር ሞተሩን ሲፈትኑት፣ በደቂቃ 154 ዙር እየዞረ ከነዳጁ ሙቀት 26.2 በመቶውን ወደ ሥራ እንደሚለውጥ አረጋገጡ፤ ይህም ከዘመኑ የእንፋሎት ሞተሮች እጅግ የላቀ ነበረ።

ዲዝል በመጀመሪያ ናፍታውን በፓምፕ ብቻ ለመርጨት ሞክሮ ነበር፤ ሆኖም በዚያን ዘመን ይህን ያህል ረቂቅ ፓምፕ ማበጀት ስላልተቻለ፣ በብርቱ በታመቀ አየር ናፍታውን ነፍቶ ወደ ማስገባት ዞረ። አየሩ ናፍታውን በቀዳዳ ሳህኖችና ቀለበቶች መካከል እየነዳ እንደ አቧራ ያበነው ነበር። በዚህም ምክንያት ጀርመኖች ያንን ክፍል «ሽታውብ» ማለትም አቧራ ከሚለው ቃላቸው አውጥተው «ሰርሽቶይበር» ሲሉት፣ ጣሊያኖች አቧራን ከሚያመለክተው «ፖልቬሬ» ከሚለው ቃል «ፖልቬሪዛቶሬ» አሉት፤ ፈረንሳዮችም በዚሁ መንገድ ሄዱ። እንግሊዝኛ ግን ወደ ፊዚክስ ዘሎ «አቶም» ከሚለው ቃል «አቶማይዘር» የሚለውን አበጀ። ከእነዚህ መካከል ለዐይን የቀረበው የአቧራው ምሳሌ መሆኑ ግልጽ ነው።

የአየሩ ዘዴ ግን ለትንንሽ ሞተሮች የሚሆን አልነበረም። አየሩን የሚያምቀው መጭመቂያ ከባድ ከመሆኑም በላይ ሞተሩ ከሚሰጠው ኃይል ጥቂት የማይባለውን ይበላ ነበር። ስለዚህ ለወፍጮ፣ ለውሃ መሳቢያና ለእርሻ የሚሆን ትንሽ የናፍታ ሞተር እንዲወለድ፣ ናፍታው ያለ አየር ረዳትነት በፓምፕ ግፊት ብቻ የሚረጭበት መንገድ መገኘት ነበረበት። በ1909 በጀርመን የቤንዝ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ፕሮስፐር ሎራንዥ የቅድመ ማቃጠያ ክፍልን ሐሳብ አስመዘገበ፤ በ1910 በእንግሊዝ የቪከርስ ኩባንያው ጄምስ መኬክኒ አየር አልባውን አረጫጨት አስመዘገበ። የሽቱትጋርቱ የሮበርት ቦሽ ኩባንያ ደግሞ በ1922 በጉዳዩ ላይ ለመሥራት ወስኖ፣ በ1927 የናፍታ ፓምፖችን በብዛት ማምረት ጀመረ። ከዚህ በኋላ ትንሹ የናፍታ ሞተር በየአገሩ ተሠራጨ። በ1930 ገደማ በእንግሊዝ አገር በዳርስሊ ከተማ መሠራት የጀመረው በዝግታ የሚዞረው የሊስተር ሞተር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የእርሱ ቅጂዎች በሕንድ አገር በራጅኮት ሲሠሩ ኖረዋል።

የአሠራሩ ለውጥ የቃሉን ለውጥ አስከተለ። ናፍታውን እንደ አቧራ ያበን የነበረው አየር ሲቀር፣ ጀርመኖች ከአቧራ ቃላቸው ርቀው «አይንሽፕሪትስዱዘ» ወደሚለው ተሸጋገሩ፤ የቃሉ መካከለኛ ክፍል በብርቱ መርጨትን ወይም ፊን ማድረግን ያመለክታል። እንግሊዝኛ ደግሞ ጫፉን «ኖዝል» ብሎ ሰየመው፤ ይህም አፍንጫ ከሚለው ቃል የወጣ የማሳነሻ ቅርጽ ነው። እንግዲህ አንዱ ማስገባቱን፣ አንዱ ማድቀቁን፣ አንዱ ኃይሉን፣ አንዱ የጫፉን ቅርጽ እያየ ሰይሟል ማለት ነው። የውጩን ቃል በቀጥታ የሚተረጉም ሰው ከአራቱ አንዱን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ርጭቱ ራሱ ሳይንሳዊ ጥናት የተደረገበት በዚሁ ዘመን ነው። በ1926 ጀርመናዊው ሳውተር የነጠብጣቦችን አማካይ ስፋት በአንድ ቍጥር የሚገልጽ ስሌት አቀረበ፤ ስሌቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1927 ደግሞ በአሜሪካ ብሔራዊ የበረራ ምክር ኮሚቴ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ርጭት ከመርጫ ወጥቶ ሲበተን በተከታታይ ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ የተገለጸበት ዘገባ ታተመ። ከዚያ ወዲህ የርጭት ርዝመት፣ ስፋትና የማእዘን መጠን በቍጥር የሚነገር ሆነ። ይሁን እንጂ በጋራዥ ያለው መካኒክ እስከ ዛሬ የሚፈርደው በዐይኑና በጆሮው ነው፤ ያየውንና የሰማውን ለሌላው የሚያስተላልፈውም በቃል ነው።

፬. ወደ አማርኛ የገቡት ቃላት

በአገራችን ጋራዦች የሚነገረው የመኪናና የሞተር ቃል አብዛኛው የጣሊያንኛ ውርስ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ፖምፓ፣ ቱቦ፣ ሞላ የሚሉት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ቆየት ብሎ የመጣው የእንግሊዝኛ ቃል ከእነዚህ ጐን ተሰልፏል፤ «ኢንጄክተር» እና «ኖዝል» የሚሉት የዚህ ክፍል ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የቃላት ተመራማሪን የሚያስደንቀው «ናፍታ» የሚለው ነው። ጣሊያንኛው ቃሉን ያገኘው ከጥንታዊው የግሪክ ቃል ነው፤ የግሪኩም ከምሥራቅ የመጣ ነው። ዐረቦች ደግሞ ይህንኑ ቃል «ነፍጥ» በማለት በመጀመሪያ ለሚነደው የምድር ዘይት፣ ቀጥሎም ለባሩድ ተጠቅመውበታል። አማርኛ «ነፍጥ» የሚለውን ከዐረብኛ ወስዶ ባሩድ ለሚተኩሰው መሣሪያ ሰጠው። ስለዚህ አማርኛ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ተቀብሏል፤ አንድ ጊዜ በቀይ ባሕር ማዶ በዐረብኛ በኩል ጠመንጃ ሆኖ፣ ሌላ ጊዜ በጣሊያንኛ በኩል ነዳጅ ሆኖ። ይህን ያነሣነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ወደ ኋላ ለምናቀርበው ሐሳብ መንደርደሪያ ይሆነናል።

የተዋሰው ቃል ሁሉ ይነቀል የሚል አስተያየት የለንም። «ሞላ» ለምሳሌ በአንድ ትውልድ ውስጥ ቤተኛ ሆኗል። በጽሑፍ ግን «ሞላ» ከሚለው ግስ ጋር ስለሚመሳሰል፣ «ሞላው ከሞላ በኋላ» የሚለውን ዐይነት አነጋገር የሚጽፍ ተርጓሚ አንባቢውን ያደናግራል። «የመርጫው ሞላ» ብሎ ባለቤቱን መግለጥ ይበቃል።

፭. ፍተሻውና የሚሻቸው ቃላት

የትኞቹ ልዩነቶች ቃል እንደሚያሻቸው ለማወቅ ሥራውን ራሱን መከተል ይገባል። መርጫው ከቴስታታው ላይ ይወልቃል፤ በጫፉ የተጋገረው ጥላሸት ለስላሳ በሆነ የናስ ብሩሽ ይጸዳል፤ ከዚያም በእጅ በሚሠራው መፈተሻ ላይ ይታሰራል። መፈተሻው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ በክንድ የሚገፋ ዘንግና የግፊት መለኪያ ያለው ትንሽ ፓምፕ ነው። ከዚህ በኋላ አራት ነገሮች ይታያሉ።

ሀ) የመክፈቻው ግፊት። ዘንጉ በዝግታ ሲጫን መለኪያው ይወጣል፤ በመርጫው ውስጥ ያለው መርፌ የሞላውን ኃይል አሸንፎ ከመቀመጫው ሲነሣ ይወርዳል። ቅድመ ማቃጠያ ክፍል ባላቸው ትንንሽ ሞተሮች፣ ይህ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ110 እስከ 150 ባር ነው፤ ናፍታው በቀጥታ በፒስተኑ ላይ በሚረጭባቸው፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ መርጫ በሆኑት ደግሞ ከ175 እስከ 250 ባር ይደርሳል። ትክክለኛው ልክ ግን ምንጊዜም የሠሪው መመሪያ የሚያዘው ነው።

ለ) የርጭቱ መልክ። ዘንጉ ፈጠን ፈጠን ተደርጎ ሲመታ፣ ባለ አንድ ቀዳዳው መርጫ ከራሱ ጋር ቀጥ ብሎ የተስተካከለ፣ ወጥ የሆነ ሾጣጣ ብናኝ መስጠት አለበት። ባለ ብዙ ቀዳዳው ቀዳዳዎቹን የሚያህል ቍጥር ያላቸው፣ በርዝመትም በስፋትም የሚተካከሉ ሾጣጣዎች ይሰጣል፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢጎድል ወይም ቢያጥር አንድ ቀዳዳ ተደፍኗል ማለት ነው። በዚህ ላይ ተርጓሚ ሊጠነቀቅለት የሚገባ ነገር አለ፤ ጫፉ ቀጭን መርፌ የሆነው ባለ አንድ ቀዳዳ መርጫ ዘንጉ በዝግታ ሲገፋ ያልተበተነ፣ የተሰነጣጠቀ ርጭት ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። «በዝግታ» እና «በፍጥነት» የሚሉትን ቃላት በትርጉም ላይ መዝለል ደኅናውን መርጫ ማስጣል ነው።

ሐ) ድምፁ። መርፌው በፍጥነት እየተነሣና እየተቀመጠ ሲሠራ የሚሰማ ጫጫታ አለ። እንግሊዝኛው ለዚህ የመረጠው ቃል ለወፎች ጫጫታና ለሰው ልፍለፋ ይነገር የነበረ ነው፤ ጀርመንኛው ደግሞ መንጠርጠርን የሚያመለክት ቃል ወስዷል። በአማርኛ «ይንጫጫል» ማለት ለሁለቱም ይበቃል። የማይንጫጫ መርጫ መርፌው የተያዘ ወይም ያረጀ ሊሆን ይችላል።

መ) ጥብቀቱ። ግፊቱ ከመክፈቻው በ10 ወይም በ20 ባር ዝቅ ተደርጎ ለ10 ሴኮንድ ያህል ሲያዝ፣ ከጫፉ ጠብታ መውደቅ የለበትም። ጫፉ በጥቂቱ ቢረጥብ አይነወርም። እዚህ ላይ አማርኛ ጥሩ መለያ አለው፤ መርጫው «ቢያልበው» ይታለፋል፤ «ቢያንጠባጥብ» ግን አይታለፍም።

መፈተሻው በሌለበት ገጠር፣ አንዳንድ መካኒኮች መርጫውን ከቴስታታው አውጥተው በውጭ ከቱቦው ጋር ያያይዙትና ሞተሩን በእጅ እየዘወሩ ርጭቱን ወደ ካርቶን ያስረጩታል። ይህ ዘዴ መልኩን በመጠኑ ያሳያል፤ የመክፈቻውን ግፊትና ጥብቀቱን ግን አይናገርም። የሚበነው ናፍታ በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑም እሳት ባለበት አካባቢ አይሞከርም።

የእነዚህ ምልክቶች መለየት ለምን እንደሚጠቅም ከውጤታቸው ይታያል። የሚያንጠባጥብ መርጫ ጥቁር ጭስ ያስወጣል፤ ጫፉንም ጥላሸት ያለብሰዋል። ሳይበተን በቀጭኑ የሚወረወር ናፍታ የሲሊንደሩን ግድግዳ የሚያለሰልሰውን ዘይት ያጥበዋል፤ ወደ ታች ወርዶም የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል። ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ርጭት የፒስተኑን ራስ በአንድ በኩል ሊያቃጥለው ይችላል። ከከተማ ርቆ መብራት በሌለበት ቀበሌ የእህል ወፍጮ የሚያዞር አንድ ሞተር ሲቆም፣ ባለወፍጮው ብቻ ሳይሆን እህሉን ተሸክማ የመጣችው እናትም ወደ ቤቷ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ስለዚህ ለሦስቱ ጉድለቶች አንድ «ይፈስሳል» የሚል ቃል መስጠት፣ ለሦስት በሽታ አንድ ስም እንደ መስጠት ነው።

፮. ቃሉ ሊናገረው የሚገባ አደጋ

እ.ኤ.አ. በ1937 ሪስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ፣ ከናፍታ ሞተር በብርቱ ግፊት የወጣ ዘይት ወደ ሰው ሥጋ ዘልቆ ስለ መግባቱ ጽፈዋል። የናፍታ መርጫ በብዛት መሠራት ከጀመረ 10 ዓመት ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ የሕክምና ጽሑፎች ይህን ዐይነቱን ጉዳት ደጋግመው ገልጸዋል። ቁስሉ በመርፌ የተወጋ ያህል ብቻ ነው፤ በመጀመሪያ ላይ ብዙም ላያም ይችላል፤ የተጎዳውም ሰው ጠርጎት ወደ ሥራው ይመለሳል። ዘይቱ ግን ከቆዳው በታች በጅማቶቹ ሽፋን ውስጥ እየተሳበ ይሄዳል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እጁ ያብጣል። ፈጥኖ በቀዶ ሕክምና ካልተጸዳ ጣትን፣ አንዳንዴም እጅን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ስለዚህ ቁስሉ ቢያንስም ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ግዴታ ነው።

«ካፊያ» የሚለውን ቃል የነቀፍነው በዚህ ምክንያት ነው። ቃሉ ስለ ነጠብጣቡ ረቂቅነት እውነቱን ይናገራል፤ ስለ ኃይሉ ግን ይዋሻል።

፯. የምናቀርባቸው ስያሜዎች

በስያሜ ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ የሕዝቡን አነጋገር፣ ቀጥሎ ግእዝን፣ በመጨረሻም የውጩን ቃል መመልከት ነው። በዚሁ እንሄዳለን።

«መርጫ»ን ለጠቅላላው መሣሪያ እንመርጣለን። ሆኖም ቃሉ ለፀረ ተባይ መድኃኒት መርጫም ስለሚነገር፣ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «የናፍታ መርጫ» መባል አለበት። ከግእዝ «ነዝኀ» ማለትም ረጨ ከሚለው ግስ «ንዝኀት» የሚለውን ለርጭት የመውሰድ ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ቃሉ የከበረ ነው፤ ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ጋር እጅግ የተቈራኘ በመሆኑና መካኒኩ የማያውቀው በመሆኑ አልደገፍነውም። «ርጭት» ይበቃል።

ለርጭቱ ጠቅላላ አኳኋን «የርጭት መልክ» እንላለን። አንዳንዶች «የርጭት ንድፍ» ብለው ጽፈዋል፤ ንድፍ ግን አስቀድሞ የታሰበና የተሣለ ነገር ነው፤ እዚህ የሚታየው ግን የተገኘው ውጤት ነው። «ቅርጽ» ይሻላል፤ ነገር ግን የዙሪያውን መስመር ብቻ ይናገራል። መካኒኩ የሚያየው ቅርጹንም፣ ድቀቱንም፣ እኩልነቱንም ነው፤ እነዚህን በአንድነት የሚይዘው «መልክ» ነው። ለተግባሩ «ማብነን»፣ ለውጤቱ «ብናኝ» ብንል፣ ጣሊያኖችና ጀርመኖች በአቧራ ምሳሌ የሄዱበትን መንገድ በራሳችን ቃል እንሄድበታለን።

የልዩነቶቹ ስሞች በቋንቋችን ውስጥ ተዘጋጅተው ይጠብቁናል። አማርኛ «አለ» ከሚለው ግስ ጋር የሚነገሩ ብዙ የድምፅና የሁኔታ ቃላት አሉት። አቧራ ሲነሣ «ቡን አለ» እንላለን፤ ደም ከተወጋ ሥር ሲወጣ «ፊን አለ»፤ ጣራ ሲያፈስስ «ጠብ አለ» እንላለን። ሦስቱ የርጭት ሁኔታዎች እነዚሁ ናቸው፤ ደኅናው መርጫ ቡን ይላል፤ የተበላሸው ፊን ይላል ወይም ጠብ ይላል። ከ«ዝም አለ» ዝምታ፣ ከ«ቸል አለ» ቸልታ፣ ከ«ደስ አለ» ደስታ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ከ«ፊን አለ» «ፊንታ» ብሎ ስም ማውጣት ከቋንቋው ሕግ አይወጣም። ስለዚህ ሳይበተን በቀጭኑ ለሚወረወር ናፍታ «ፊንታ»፣ ለሚንጠባጠበው «ጠብታ» እንላለን። «ፊንታ» ከሌሎቹ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ ሰሚው ደምን ያስታውሳል፤ እጁንም ይሰበስባል።

የሚያከራክረው የመጨረሻው ስያሜ ነው፤ ለጫፉ «አፈሙዝ» የሚለውን እናቀርባለን። ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ እንደሚችሉ እናውቃለን። አንደኛው ቃሉ የጠመንጃ ነው የሚል ነው፤ ግን «ነፍጥ» እና «ናፍታ» ከአንድ ምንጭ እንደ ወጡ አይተናል፤ በመሣሪያውም በኩል ሁለቱም በግፊት የሚያስወጡ ጠባብ አፎች ናቸው። ሁለተኛውና ክብደት ያለው ተቃውሞ መካኒኩ «ኖዝል» ማለትን ለምዷል የሚለው ነው። ይህን አንክድም። «ኖዝል» በጋራዥ ቢኖር አንቃወምም፤ በመመሪያ ጽሑፍና በማስጠንቀቂያ ላይ ግን «አፈሙዝ» ከጐኑ ቢቆም ያገለግላል። በአፈሙዝ ፊት እጅ እንደማይዘረጋ፣ ወደ ሰውም እንደማይነጣጠር የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ማስጠንቀቂያው በስሙ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው።

፰. ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት የስያሜ ሠሪውን የሥራ ቅደም ተከተል የሚመለከት ነው። የውጩን መዝገበ ቃላት ከመክፈቱ በፊት ነገሩ ሲሠራ ቆሞ ማየት አለበት፤ ባለሙያው የሚለያቸውን ሁኔታዎች መቍጠር አለበት፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ልዩነት ቋንቋው አስቀድሞ ስም እንዳለው መፈለግ አለበት። እኛ በዚህ መንገድ ስንሄድ ከአራት አውሮፓ ቋንቋዎች ያላገኘነውን መለያ በሦስት አጫጭር የአማርኛ ቃላት አግኝተናል። «ፊንታ» እና «አፈሙዝ» ላይ የተለየ አስተያየት ያላቸው፣ በተለይም ከመካኒኮች አፍ የተሻለ ቃል የሰሙ ተርጓሚዎች ሐሳባቸውን ቢያካፍሉን ደስ ይለናል።

ለመነሻችን የሆነውን ዐረፍተ ነገርም አርመን እንደሚከተለው መልሰነዋል፦ «መርጫው ከሞተሩ ወልቆ፣ በእጅ በሚሠራው መፈተሻ ላይ ይታሰር። የርጭቱ መልክ በዐይን ብቻ ይታይ። እጅም ፊትም ከአፈሙዙ ፊት አይቅረብ።»